የብረት ቀጥቃጩ ልጅና የሒሳብ ነገር

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የድምፅ ማጉያው በተበላሸ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ የምትጠራ አንዲት እኅት አለችን። ብሎኑን ትፈታለች፤ የተበጠሰውን ሽቦ ፈልጋ ታገኛለች፤ መዝሙሩ ሳይቋረጥ ነገሩን አስተካክላ ትመለሳለች። ይህች እኅት ባለፈው ሰሞን ከመርሐ ግብር በኋላ ወደ እኛ ቀርባ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ እንደተሰጣቸው፣ ልቧ የሚሻው የኤሌክትሪክ ምሕንድስናን እንደሆነ፣ ነገር ግን በሒሳብ ያገኘችው ውጤት ቅጹን ለመሙላት እንዳሳፈራት ነገረችን። ምክርም ጠየቀችን። እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት ቀደም ብለን በዚያው በር ያለፍን፣ በካልኩለስም ዲ አግኝተን ትምህርቱን በክረምት የደገምን ስለሆንን መልስ አላጣንም። ማይክል ፋራዴ የተባለው ታላቅ ሰው ሒሳብ ሳያውቅ የኤሌክትሪክ አባት እንደሆነ አስታውሰን፣ እርስዋም እንዳትፈራ አደፋፍረን ሸኘናት።

ማታ ግን ነገሩን ስናብላላው ስለዚህ ሰው የምናውቀው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ገባን። በሁለት ዐረፍተ ነገር ዕውቀት የአንድን ሰው የአምስት ዓመት ትምህርትና ከዚያም በኋላ ያለውን ሥራ መምከር ድፍረት ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገብተን የፋራዴን ሕይወት ፈልገን አነበብን። ምክራችን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን የችኩል ሰው ወሬ ሆኖ አገኘነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለሁላችሁም ሲሆን ይበልጡን ግን ለእርስዋ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ማይክል ፋራዴ የተወለደው መስከረም 22 ቀን 1791 በለንደን አጠገብ ኒውንግተን በምትባል ሰፈር ነው። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በአገራችን ቀጥቃጭ የሚለው ቃል ስንት ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር እንደኖረ እናውቃለንና እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል ደግ ነው። ማረሻውንና መጥረቢያውን የሚሠራልንን ሰው እየናቅን፣ የዚያው ሙያ ልጅ ባሕር ማዶ ዓለምን ሲለውጥ አንብበን እናደንቃለን። ወደ ታሪኩ እንመለስ። አባቱ በሽተኛ ስለነበረ ዘወትር መሥራት አይችልም ነበር፤ ቤቱም ችግረኛ ነበር። በ1801 የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ሕፃኑ ማይክል ለሳምንቱ የሚበቃው አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው እንደነበረ ተጽፏል። ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና ከቁጥር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ነገሮች ብቻ ነበሩ። ከዚህ በላይ የሒሳብ ትምህርት በክፍል ተቀምጦ ሳይማር ኖሮ ሳይማር ሞተ።

በ1804 ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆኖ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የጥራዝ ሙያ ሊማር ለሰባት ዓመት ውል ተፈራረመለት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጠርዝና የሚደጉስ ሰው የመጽሐፉን ቃል ሳያነብ ቆዳውን ብቻ አበጅቶ ማለፍ እንደሚችል ሁሉ፣ እዚያም እንዲሁ ማለፍ ይቻል ነበር። ልጁ ግን ሊጠርዝ የተቀበለውን ያነብ ጀመር። በአንድ የኢንሳይክሎፒድያ ቅጽ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን፣ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ ለጀማሪዎች ያዘጋጀችውን መጽሐፍ አነበበ። አንብቦም አልተወውም፤ ከጥቂት ሳንቲሙ ቆጥቦ ጠርሙስና ሽቦ እየገዛ የተጻፈው እውነት መሆኑን በእጁ ይሞክር ነበር። ይህ ጠባዩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። በዓይኑ ያላየውን፣ በእጁ ያልሞከረውን ነገር አወቅሁት አይልም ነበር።

በ1810 ታተም የሚባል ሰው በቤቱ የሳይንስ ትምህርት በሺሊንግ ይሰጥ ነበርና ማይክልም መሄድ ፈለገ። ገንዘቡን የከፈለለት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። ይህን ወንድም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ አናገኘውም፤ ሆኖም ያ ሺሊንግ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን አሰብን።

በ1812 ወደ ጥራዝ ቤቱ የሚመጣ አንድ ደንበኛ የወጣቱን ትጋት አይቶ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጣቸውን አራት ትምህርቶች የሚሰማበት መግቢያ ሰጠው። ፋራዴ ከላይ ከሰገነቱ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ ቤቱ ገብቶም ሥዕሎቹን ጨምሮ በንጹሕ ገለበጠው። ሦስት መቶ ገጽ ያህል ሆነ። የጥራዝ ሙያ ነበረውና በገዛ እጁ አሳምሮ ጠርዞ ሥራ ከሚለምን ደብዳቤ ጋር ለራሱ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በመልካም ተቀበለው፤ ነገር ግን ቦታ ስላልነበረ ያንኑ የጥራዝ ሙያውን አጥብቆ እንዲይዝ መከረው። እንግዲህ ታላላቅ ሰዎችም እንደ እኛ በችኮላ ይመክራሉ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ የላቦራቶሪው ረዳት ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተጣልቶ ተባረረ፤ ዴቪም ያን ጥራዝ አስታውሶ ልጁን አስጠራው። መጋቢት 1 ቀን 1813 ፋራዴ በሳምንት ሃያ አምስት ሺሊንግና በሕንፃው አናት ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ሥራውን ጀመረ። ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጌታውን ተከትሎ ወደ ፈረንሳይና ጣልያን ሄዶ አንድ ዓመት ተኩል ቆየ። የዴቪ ሚስት እንደ ቤት አሽከር ስለምታየው ብዙ ተሠቃየ። ይሁን እንጂ እነቮልታንና አምፔርን በዓይኑ አየ። አምፔር የሚለውን ስም በፊዩዝ ላይ ተጽፎ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ሰው በሒሳብ እጅግ የበረታ ነበር። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስትድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያናውጥ ባስታወቀ ጊዜ፣ አምፔር በሳምንታት ውስጥ ነገሩን በቀመር መግለጽ ጀመረ። ፋራዴ የአምፔርን ጽሑፍ ሲያነብ ቀመሩ ላይ ይቆም ነበር። በ1822 ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ የሒሳብ ዕውቀት የሌለው መሆኑን እንደ ዕድለ ቢስነት ቆጥሮ በግልጥ ተናዘዘ። መንገዱንም ሲያስረዳ፣ በቅርብ በቅርብ የተደረደሩ እውነቶችን እየዳሰሰ እንደሚሄድ ገልጿል፤ በጨለማ ቤት ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ ተገረምን። እኛ በካልኩለስ ዲ ባገኘን ጊዜ ያደረግነው ወረቀቱን አጥፎ በመጽሐፍ መካከል መደበቅ ነበር። ለጓደኞቻችንም ሲ አግኝተናል ብለን ዋሽተናል። ፋራዴ ግን በሒሳብ እጅግ ለበረታው ሰው ድካሙን ራሱ ጽፎ ላከለት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንለፍ። በመስከረም 1821፣ ሣራ ባርናርድን ካገባ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በሜርኩሪ (እንደ ውኃ በሚፈስሰው ብረት) በተሞላ ዕቃ ውስጥ ማግኔት አቁሞ፣ ከላይ ሽቦ አንጠልጥሎ ኮረንቲ ሲለቅቅበት ሽቦው በማግኔቱ ዙሪያ ያለማቋረጥ ዞረ። በኤሌክትሪክ ኃይል ያለማቋረጥ የሚዞር ነገር የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ወፍጮውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ሊፍቱም ከዚያ የመጡ ናቸው። በችኮላ ስላሳተመው ግን የሌላ ሰው አሳብ ወስዷል የሚል ሐሜት ተነሣበትና ለብዙ ጊዜ አዘነ።

ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት በሌላ ሥራ ተጠመደ። ክሎሪንን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ፤ በ1825 ቤንዚን የተባለውን የኬሚስትሪ ውሕድ አገኘ (መኪና ከሚቀዳው ቤንዚን የተለየ ነው)። ለአጉሊ መነጽር የሚሆን ጥሩ መስተዋት ለመሥራትም ብዙ ዓመት ደከመ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ከልቡ አልጠፋም፤ ኤሌክትሪክ ማግኔትን ካስገኘ፣ ማግኔት በተራው ኤሌክትሪክን ለምን አያስገኝም?

ነሐሴ 29 ቀን 1831 አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ስድስት ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቀለበት አሠራ። በቀለበቱ አንድ ወገን ሽቦ ጠመጠመ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ሽቦ ጠመጠመ፤ ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። የፊተኛውን ከባትሪ ጋር፣ የኋለኛውን ኮረንቲ ሲያልፍ ከምትነቃነቅ መርፌ ጋር አገናኘ። ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌዋ ተወዛወዘችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባትሪውን ሲያለያይ እንደገና ተወዛወዘች። ኮረንቲው ዝም ብሎ በሚያልፍበት ጊዜ ግን መርፌዋ ጸጥ ትላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ በተወው ነበር። ፋራዴ ግን ምሥጢሩ በመገናኘትና በመለያየት ላይ፣ ማለትም በለውጡ ላይ መሆኑን አስተዋለ። ጥቅምት 17 ቀን ማግኔትን በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ብቻ ኮረንቲ አገኘ። ጥቅምት 28 ቀን ደግሞ በትልቅ ማግኔት አፍ መካከል የመዳብ ክብ አዙሮ የማያቋርጥ ኮረንቲ ቀዳ።

በየመንገዱ ግንድ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ትራንስፎርመር ያ ቀለበት ነው። በቆቃ ግድብ ውኃው የሚያዞረው ጄኔሬተርም የዚያ መዳብ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድም የአልጀብራ ቀመር አልነበረም። ያለው ሥዕል፣ ቃልና ቁጥር የተሰጠው አንቀጽ ብቻ ነው። ደብተሩ ሲጠናቀቅ አንቀጾቹ ከ16 ሺህ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። የማስታወስ ችሎታው ደካማ ስለነበር ያልጻፈውን ይረሳ ነበር፤ ስለዚህም ሁሉን ይጽፍ ነበር። በ1839 አካባቢ ጤናው ታውኮ ለተወሰኑ ዓመታት ከከባድ ምርምር ራቀ፤ ከዚያም ተመልሶ በ1845 ማግኔት ብርሃንን ሊነካ እንደሚችል አሳየ።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው እኛ ለእኅታችን የሰጠናትን ምክር ትክክል ነው ሊል ይችላል። ሒሳብ ያልተማረ ሰው ይህን ሁሉ ካደረገ ምን ቀረ? እኛም በመጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ስናነብ ቀዝቀዝ አልን።

የመጀመሪያው የኃይል መስመሮች ነገር ነው። ፋራዴ ወረቀት በማግኔት ላይ አድርጎ የብረት ብናኝ ሲነሰንስበት ብናኙ በታጠፈ መስመር ሲሰለፍ ያይ ነበር። ይህንን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን አይተነዋል። ለእርሱ እነዚያ መስመሮች ጨዋታ አልነበሩም፤ ባዶ በሚመስለው ቦታ ኃይል እንዴት እንደተዘረጋ የሚያሳዩ ነበሩ። በዘመኑ የነበሩ ሒሳብ ዐዋቂዎች ግን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ኃይል ከሩቅ ወደ ሩቅ በቀጥታ እንደሚሠራ የሚገልጽ የሚያምር ቀመር ነበራቸውና፣ ቀመር የሌለው ሰው የሳለው መስመር የጀማሪ ሥዕል ይመስላቸው ነበር። ፋራዴም የእነርሱን ቋንቋ ስለማይናገር ሊያስረዳቸው አልቻለም። ለሃያ ዓመት ያህል በአሳቡ ብቻውን የቆመ ያህል ነበር።

የረዳው ፋራዴ ቀለበቱን በሠራበት በ1831 የተወለደው ስኮትላንዳዊ፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ማክስዌል በካምብሪጅ የሒሳብ ትምህርቱን ጨርሶ የፋራዴን መጻሕፍት አነበበ፤ ቀመር የሌለባቸው ገጾች በውስጣቸው ሒሳብ እንዳላቸው አስተዋለ። ስለ ኃይል መስመሮቹ በቀመር ጽፎ በ1857 ለፋራዴ ላከለት። አንዱ የሃያ አምስት፣ ሌላው የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። ሽማግሌው ያ ሁሉ የሒሳብ ኃይል በአሳቡ ላይ ሲወርድበት መጀመሪያ እንደደነገጠ፣ አሳቡ ሳይፈርስ መቆሙን ሲያይ ግን እንደተደነቀ ጻፈለት። በዚያው ዓመት በሌላ ደብዳቤ፣ የሒሳብ ሊቃውንት የደረሱበትን ውጤት እንደ እርሱ ላሉ ሠራተኞች በተራ ቋንቋ ተርጉመው ቢሰጡ ምን እንደሚከለክላቸው ጠየቀው። ይህን ጥያቄ ባነበብን ጊዜ አንዳንድ የክፍል ሰዓታችንን አስታወስን። መምህሩ ሰሌዳውን በምልክት ሞልቶ ሲያበቃ፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ጠፍቶ ሁላችንም ዝም ብለን ስንገለብጥ ማለት ነው።

ማክስዌል ያንን ሥራ ቀጥሎ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በስሌት ደረሰበት። ኋላም ጀርመናዊው ሄርትዝ በ1887 እና 1888 ሞገዱን በላቦራቶሪ አስገኝቶ አሳየ፤ ከዚያም ሬዲዮ ተወለደ። ሬዲዮን በፋራዴ ሥዕል ብቻ መሥራት አይቻልም ነበር። በማክስዌል ቀመር ብቻም ቢሆን፣ ሥዕሉ ባይኖር ቀመሩ ከየት ይመጣ ነበር?

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አስደነገጠን፤ ስለ ምሕንድስና ስለሆነ። በዚያ ዘመን ቴሌግራፍ በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ መላክ ተጀምሮ ነበር። መልእክቱ ግን በረጅም ሽቦ ሲሄድ እየዘገየና እየተደባለቀ ይደርስ ነበር። ፋራዴ በ1854 ምክንያቱን አስረዳ፤ በመሸፈኛ የተጠቀለለው ሽቦ ከዙሪያው ካለው ውኃ ጋር ሆኖ ኤሌክትሪክን እንደ ጋን ስለሚያከማች፣ ጋኑ እስኪሞላና እስኪጎድል ጊዜ ይወስዳል። እጅግ ያማረ ማብራሪያ ነው። ነገር ግን ጊዜው ስንት ነው? ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሚዘረጋ ሽቦ ምን ያህል ይዘገያል? ሽቦው ምን ያህል ይወፍር? ይህን ፋራዴ አልመለሰም፤ የመለሰው ዊልያም ቶምሰን የተባለው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነው። በስሌቱ መዘግየቱ ከርዝመቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ አገኘ። ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

የኬብሉ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይትሃውስ የሚባል፣ በመጀመሪያ ሙያው ሐኪም የነበረ ሰው ነው። እጁ ሥራ ወዳድ ነበር፤ ብዙ ሙከራም አድርጓል። የቶምሰንን ስሌት ግን የወረቀት ላይ ልብ ወለድ አድርጎ ናቀው። በነሐሴ 1858 አትላንቲክን ያቋረጠው ኬብል ተዘርግቶ አለቀ። ከንግሥት ቪክቶሪያ ወደ አሜሪካው ፕሬዚዳንት የተላከው 98 ቃል ለመድረስ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ዋይትሃውስ ምልክቱ ይጠነክር ብሎ ወደ ሁለት ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቀበት። ቀድሞም ደካማ የነበረው ኬብል በሳምንታት ውስጥ ሞተ፤ የስንት ሰው ገንዘብና ድካምም በውቅያኖስ ሥር ቀረ። በ1866 እንደ ቶምሰን ስሌት ወፍሮና ተሻሽሎ የተዘረጋው ኬብል ግን ሠራ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግተን ትንሽ ተቀመጥን። ለእኅታችን ፋራዴን ነገርናት እንጂ ዋይትሃውስን አልነገርናትም። ሁለቱም ሒሳብ አልነበራቸውም። ልዩነታቸው ፋራዴ የጎደለውን ያውቅ፣ ይናገር፣ ካለው ሰው ጋርም ይጻጻፍ የነበረ መሆኑ ነው፤ ዋይትሃውስ ግን የጎደለውን ናቀ። ደግሞም ፋራዴ ተመራማሪ እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ተመራማሪ ያልገባውን ነገር ለሚመጣው ትውልድ ጥያቄ አድርጎ ሊተው ይችላል፤ መሐንዲስ ግን ሽቦውን ዛሬ መዘርጋት አለበት፤ ሽቦውም ውፍረት አለው፤ ውፍረቱም ቁጥር ነው።

በመንፈሳዊ ትምህርታችን ትምህርት አልገባ ያለውን ተማሪ ሁሉ በቅዱስ ያሬድና በትሏ ታሪክ እናጽናናለን። ታሪኩ ውድ ነው፤ ግን ከፋራዴ ታሪክ ጋር አንድ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ ተመልሶ ያቃተውን ያንኑ ትምህርት ዐወቀው። ፋራዴ ሒሳብን አንድም ቀን አላወቀውም፤ በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ። እኅታችን ምሕንድስና ብትገባ በሌላ በኩል መዞሪያ የላትም፤ በያሬድ መንገድ መሄድ አለባት፤ ካልኩለሱን ልትጋፈጠው ነው። ይህን አለመንገራችን ጥፋት ነበር።

በአንጻሩ ደግሞ ውጤቷን አይታ ምሕንድስናን የምትተው ከሆነ ያም እንዳይሆን እንፈራለን። የተበላሸውን ማጉያ ከፍቶ ችግሩ የት እንዳለ መገመት፣ ግምቱን መሞከር፣ ሳይሳካ ሌላ መገመት በፈተና አይለካም። በክፍላችን በሒሳብ ሙሉ የሚያገኙ፣ ነገር ግን ብየዳ ካውያ ሲይዙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወንድሞች አሉ። እነርሱም ፋራዴ ያስፈልጋቸዋል።

የቀረውን ሕይወቱን በአጭሩ እንንገር። ፋራዴ ሳንዴማናውያን የሚባሉ የጥቂት ሰዎች ማኅበር አባል ነበር። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የራቀ ቢሆንም፣ ላቦራቶሪውን ትቶ በየሰንበቱ ከድኆች ወገኖቹ ጋር ይቀመጥ፣ በኋላም ሽማግሌ ሆኖ ያስተምራቸው፣ የታመሙትን ይጠይቅ ነበር። ልጅ አልወለደም፤ ነገር ግን በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን የሳይንስ ትምህርት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል። በአንዲት የሻማ መብራት ብቻ ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ መተንፈስ ያስተማረው ዛሬም ይነበባል። የእኛም ሻማ በየእሑዱ ይበራል፤ ስለሚነድደው ሰም ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ከ1836 ጀምሮ የመርከብ መብራት ማማዎች ሳይንሳዊ አማካሪ ሆኖ፣ ፀጉሩ ሸብቶም በክረምት ብርድ እየተጓዘ መብራቶቹን ይመረምር ነበር። የሮያል ሶሳይቲ ሊቀ መንበርነት ቢቀርብለት አልተቀበለም፤ የሰር ማዕረግም አልፈለገም። በ1858 ንግሥቲቱ በሃምፕተን ኮርት መኖሪያ ቤት ሰጠችው። ማስታወሱ እየጠፋ፣ ደብዳቤ መጻፍም እየተሳነው፣ ነሐሴ 25 ቀን 1867 በዚያው ቤት በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። ነገሥታትና ሊቃውንት በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር መቀበርን ስላልፈለገ፣ ሃይጌት በሚባለው መካነ መቃብር ተራ ድንጋይ ቆሞለት ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ለእኅታችን ነገርናት። የዲ ወረቀታችንንም ከመጽሐፉ መካከል አውጥተን አሳየናት፤ በጣም ሳቀች። ቅጹን ገና አልሞላችም፤ የቀራት ጊዜ ስድስት ቀን ነው። ከካልኩለስ መጽሐፍ ሦስት ጥያቄ ይዛ መጥታ ነበርና በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠን አብረን ሞከርን። አንደኛውን እርስዋ ሠራችው፤ ሁለተኛውን እኛ አስረዳናት። ሦስተኛው ለሁለታችንም አልሆነም፤ የመዝሙር ልምምዱ ደወል እስኪደወል ድረስ በወረቀቱ ላይ ሥዕል ስትስል ቆየች። ደብተሩን ይዛው ሄዳለች።